አጥንት ከመቁጠር ደም እስከ ማንበብ

ባለፈው ሐምሌ ደብረ ማርቆስ አክስቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ዝናቡ ከደጅ አላስወጣ ባለን አንድ ምሽት ላፕቶፔን ከፍቼ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣውን «ጋታካ» የተሰኘ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም አብረን ማየት ጀመርን። እኔ እያቆምኩ እተረጉማለሁ፤ እሳቸው እንዝርታቸውን እያሾሩ ያዳምጣሉ። ፊልሙ ገና ሲጀምር አንድ ሕፃን ይወለዳል። አዋላጇ ከእግሩ ጠብታ ደም ወስዳ ማሽን ላይ ታደርግና የወጣውን ውጤት ለወላጆቹ ታነባለች፦ የነርቭ ሕመም ዕድሉ 60 በመቶ፣ የልብ ሕመም ዕድሉ 99 በመቶ፣ የሚኖረው ዕድሜ 30.2 ዓመት። የልጁ እትብት እንኳ አልደረቀም። አክስቴ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሳርፈው «ይቺ ሴት የእኛን ሽማግሎች ሥራ ነው እኮ የያዘችው» አሉኝ።

የሽማግሎች ሥራ ያሉት ትዳር ከመያዙ በፊት የሚደረገውን ማጣራት ነው። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ከተላከ በኋላ፣ እሺታው ከመሰጠቱ በፊት፣ የሁለቱም ወገን ዘመዶች በየፊናቸው ይጠይቃሉ። አባቱ የማን ልጅ ነው? እናቱስ ከየት መጣች? ከቤታቸው በቡዳ የሚታማ አለ? የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ነበረባቸው? እግሩ ያበጠስ? የሚጥል በሽታስ? ጥያቄው ወረቀት ላይ አይሰፍርም። በቤተ ክርስቲያን ቅጽር፣ በጠላ ቤት፣ ከገበያ መልስ መንገድ ላይ በሹክሹክታ ይጠየቃል፤ መልሱም በሹክሹክታ ይመጣል። ሲመጣ ግን እንደ ፊልሙ ማሽን ቁርጥ ያለ ነው፤ ወይ «አጥንታቸው ደኅና ነው»፣ ወይ «ይቅርብን»።

ስለ ዘረኝነትና ዘረመልን ምክንያት አድርጎ ሰውን ስለማግለል የተሠሩ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች ብዙውን ጊዜ የሩቅ ዘመን ማስጠንቀቂያ ተደርገው ይወሰዳሉ። ከደብረ ማርቆስ ሆኖ ለሚያያቸው ሰው ግን ሩቅ አይደሉም፤ ያለ ቤተ ሙከራና ያለ ማሽን ለብዙ መቶ ዓመታት ስንሠራበት የኖርነውን ነገር በመስተዋት ቤትና በነጭ ልብስ አስጊጠው ያሳዩናል። ስለዚህ በእነዚህ ፊልሞች አማካይነት ስለ ራሳችን አንድ ነገር መናገር እፈልጋለሁ። ደምን ማንበብ ብቻውን ሰውን አይጎዳም። የሚጎዳው «ሊሆን ይችላል» የሚለውን «ሆኗል» ብሎ ማንበብ ነው፤ ይህን ስሕተት ደግሞ ማሽኑ ከመፈጠሩ በፊት ጠንቅቀን እናውቀዋለን።

የ«ጋታካ» ደራሲና ዳይሬክተር አንድሩ ኒኮል ነው። ርእሱ ራሱ ዲኤንኤ፣ ማለትም ዘረመል የተሠራበት ንጥረ ነገር፣ ከሚጻፍባቸው አራት ፊደላት የተሠራ ነው። ዘመኑ ወላጆች ልጃቸውን በቤተ ሙከራ መርጠው የሚወልዱበት ነው፤ ተመርጠው የተወለዱት ከፍ ያለውን ሥራ ይይዛሉ፣ በተፈጥሮ መንገድ የተወለዱት ወለል ይጠርጋሉ። ቪንሰንት ከጠራጊዎቹ ወገን ነው፤ ምኞቱ ግን ወደ ጠፈር መጓዝ ነው። በመጨረሻም ጀሮም የተባለ፣ ዘረመሉ እንከን የለሽ ሆኖ ሳለ እግሮቹ ሽባ የሆኑበት ሰው ደሙን፣ ሽንቱንና ፀጉሩን ያውሰዋል። ቪንሰንት በጀሮም ስም ለሥራ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ሐኪሙ ሽንቱን ብቻ መርምሮ ማለፉን ያበሥረዋል። ቃለ መጠይቁስ መቼ ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ እሱ እንዳለቀ ይነገረዋል። በዚያ አገር መድልዎን የሚከለክል ሕግ አለ፤ የሚያከብረው ግን የለም።

ከፊልሙ ሁሉ አንጀቴን የበላኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። ቪንሰንት ሲወለድ እናቱ የአባቱን ስም አንተን ልትለው ትጀምራለች። አባትየው ውጤቱን ከሰማ በኋላ ያቋርጣትና ልጁ ቪንሰንት አንተን እንዲባል ያዛል፤ ስሙን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ሁለተኛው ልጅ በቤተ ሙከራ ተመርጦ ሲወለድ ደግሞ የአባቱን ስም ሙሉ በሙሉ ይወርሳል። እኛ ዘንድ ይህ የሚቻል አይደለም። የእኛ ልጅ ደካማም ይሁን ብርቱ፣ ዓይነ ሥውርም ይሁን ሽባ፣ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱ ስም ይከተለዋል፤ አባት ቢፈልግም አይነፍገውም። ይህ የስም ሥርዓታችን ሳይታወቀን ያቆየልን ደግነት ይመስለኛል። በሌላው ነገራችን ግን የዚያን አባት ያህል ጨክነናል።

ስተረጉም በጣም ያስቸገረኝ ቪንሰንት ስለ ራሱ የሚናገረው አንድ ሐሳብ ነበር፤ የእኔ ዝቅተኝነት እንደ ድሮው በቆዳ ቀለም ወይም በማኅበራዊ ደረጃ የመጣ አይደለም ይላል። «በዘር ሳይሆን በዘረመል ነው» ብዬ ተረጎምኩት። አክስቴ «ሁለቱ ምንና ምን ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ፤ መልስ አጣሁ። ዘር ማለት ገበሬው በሰኔና በሐምሌ ማሳው ላይ የሚበትነው ነው። ዘር ማለት ልጅና የልጅ ልጅ ነው። ዘር ማለት የአባት የእናት ትውልድ ነው፤ በዛሬው ፖለቲካችን ደግሞ ብሔር ማለትም ሆኗል። ዘረኝነትን ያወጣነው ከዚሁ ሥር ነው፤ ሳይንሱን ልንሰይም ስንነሣም ዘረመል አልን። ሌሎች በሦስት በአራት ቃል የሚለያዩትን እኛ በአንድ ግንድ ላይ ሰቅለነዋል። ይህ አንዳንድ ጊዜ ነገር ያምታታል፤ ሌሎች የማያዩትን ዝምድናም ያሳያል። «ዘር ከልጓም ይስባል» የሚለው ተረታችን ዲኤንኤን ሳያውቅ፣ ሰው ከትውልዱ አያመልጥም የሚለውን ፍርድ ከጥንት ጀምሮ ሰጥቷል።

ይህ ፍርድ ከባዶ አልመጣም፤ ከኋላው መሬት ነበረ። በጎጃም ከደርግ የመሬት አዋጅ በፊት አጽመ ርስት የሚባለው ሥርዓት ይሠራ ነበር። አጽም አጥንት ነው። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ጀምሮ በአባትም በእናትም ትውልዱን ቆጥሮ መድረስ የቻለ ሰው ከርስቱ ድርሻ መጠየቅ ይችል ነበር። ስለዚህ ዘር መቁጠር የክብር ጨዋታ አልነበረም፤ እርሻ መቁጠር፣ እንጀራ መቁጠር ነበር። በክርክር ዳኛ ፊት የአያት የቅድመ አያት ስም በቃሉ የሚያወርድ ሰው ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ያገኛል፤ የማይቆጥር ወይም ከቆጠራው ውጪ የተደረገ ደግሞ የሌላ ሰው መሬት ላይ በእኩል ሲያርስ ይኖራል፣ ወይም መዶሻና መወርወሪያ ይዞ ይቀራል። በ1967 ዓ.ም. አዋጁ ርስቱን ሲሽር መሬቱ ከአጥንቱ ተለየ። አጥንት ቆጠራው ግን ከመሬቱ ጋር አልተሻረም፤ ወደ ትዳር ተሰደደ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻ ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ዘር ሲመርጡ ልጅቷ የምትሰቃየው ስቃይ፣ ከማንኩሳ የመጣው የድኃ ልጅ በዛብህም ደጃቸው ላይ የሚደርስበት ሁሉ፣ ለጎጃም አንባቢ ልብ ወለድ ብቻ ሆኖ አያውቅም።

ከቆጠራው ውጪ ከተደረጉት መካከል እጀ ሥራተኞች ይገኙበታል። ማረሻውን የሚቀጠቅጠው፣ ጋቢውን የሚሸምነው፣ ጀበናውንና ምጣዱን የምትሠራው፣ ቆዳውን የሚፍቀው ሰው ከሌለ ገበሬው አንድ ቀን ማደር አይችልም። ያም ሆኖ ልጁን አይሰጣቸውም፤ ዓይናቸው ይበላል፣ ቡዳነቱም ከእናት ከአባት ወደ ልጅ በደም ይወርዳል ይላል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ ሰዎች እንዳይሰደቡ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር። የዛሬው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰው በዘሩም በትውልዱም ሳይለይ እኩል መሆኑን ይደነግጋል። እንግዲህ እንደ «ጋታካ» ሁሉ እኛም ሕጉ አለን፤ ሽማግሎቹ የሚያጣሩት ግን ሕጉን ጠይቀው አይደለም።

የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልም ብርታትም ድክመትም ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ዘውግ ዘረኝነትን ለማሳየት የተለመደው መንገድ ሌላ ፍጡር መፍጠር ነው፤ የሰው ቅርጽ ያለው ሮቦት፣ የሚናገር ዝንጀሮ፣ ከሌላ ዓለም የመጣ እንግዳ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የመጀመሪያው «ኤክስ ሜን» ፊልም የሚከፈተው በ1944 የናዚ ማጎሪያ ካምፕ በር ላይ ከወላጆቹ በሚነጠል ልጅ ነው፤ ከዚያ ወደ ዘመናችን ይዘልና፣ ዘረመላቸው የተለወጠ ሰዎች በመዝገብ እንዲመዘገቡ የሚጠይቅ አንድ የአሜሪካ ሴናተር ያሳያል። ንጽጽሩ ልብ ይነካል። ነገር ግን የፊልሙ ሰዎች እውነትም በዓይናቸው ግድግዳ ያፈርሳሉ፣ በሐሳባቸው ብረት ያጣምማሉ። ሴናተሩ ጨካኝ ቢሆንም የሚፈራው ነገር እውነት ነው። በእውነተኛው ዓለም የተገፉት ግን ይህን የመሰለ ኃይል ኖሯቸው አያውቅም፤ ፍርሃቱ ከመጀመሪያው ውሸት ነበር።

ይህን ወደ ቤታችን አምጥተን እንየው። አንድ የፊልም ባለሙያ ስለ ቡዳ ተረክ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ቢሠራ፣ በደግነት ተነሥቶ፣ ቀጥቃጩን ጀግና አድርጎ፣ ዓይኑ ግን በእርግጥ ኃይል ያለው አድርጎ ቢስለው፣ ለቀጥቃጩ ልጅ ምን ጠቀማት? ተመልካቹ ከአዳራሹ ሲወጣ «ምስኪኖች ናቸው፤ ግን ዓይናቸው አለበት» ብሎ ነው የሚወጣው። አዘኔታው የድሮውን ሐሜት ማረጋገጫ ይሆናል። በኢትዮጵያ ምድር የተቀረጹ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ፊልሞች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ የሠራው፣ ዳንኤል ታደሰ የተወነበት «ክራምስ» ይጠቀሳል። ነገ ወጣቶቻችን ተጨማሪ ሲሠሩ፣ እንደሚሠሩም አምናለሁ፣ ይህን ወጥመድ አስቀድመው ቢያዩት እወዳለሁ።

«ዲስትሪክት 9» ወጥመዱን በከፊል አምልጦታል። በደቡብ አፍሪካዊው ኒል ብሎምካምፕ ዳይሬክተርነት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ነው። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ጆሃንስበርግ ላይ ተጥለው በቆርቆሮ ሰፈር ታጉረዋል። ርእሱ የኬፕ ታውንን ዲስትሪክት ስድስት ያስታውሳል፤ ያ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1966 የነጮች ብቻ ተብሎ ታውጆ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ተፈናቅሎበታል። የፊልሙ ፍጡራን ኃይለኛ የጦር መሣሪያ ቢኖራቸውም ተርበዋል፣ ይለምናሉ፣ ይሰደባሉ። ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚስቁባቸው በሚበሉት ነገር ነው፤ የታሸገ የድመት ምግብ ይወዳሉ። ይህን ሳይ ጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ትዝ ይሉኛል። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ፣ ሐይቁን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው፤ መልካቸው ከጎረቤታቸው አይለይም። ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ግን ለዘመናት ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል። መልክ መለየት ሲያቅተን ሳህን ውስጥ እናያለን። አግላይ ሰው ልዩነት ሲያጣ ልዩነት ይፈልጋል፤ «ዲስትሪክት 9» ይህን በትክክል ይዞታል።

ይኸው ፊልም ግን በሌላ በኩል ራሱ ያገልላል። በሰፈሩ ውስጥ የሚኖሩትን ናይጄሪያውያን ወንበዴና ሰው በላ አድርጎ ሥሏቸዋል፤ የናይጄሪያ መንግሥትም በዚያው ዓመት ፊልሙ በአገሪቱ ሲኒማ ቤቶች እንዳይታይ ጠይቋል። ስለ ዘረኝነት የሚሠራ ፊልም ከዘረኝነት ነፃ ነው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም። «ጋታካ»ም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ቀለም ከእንግዲህ ዋጋ የለውም ይለናል፤ የቪንሰንት ወላጆች ለሁለተኛው ልጃቸው የሚያዙት ቆዳ ግን ነጣ ያለ ነው። ትእዛዛቸውን የሚያነብላቸው የዘረመል ሐኪም ጥቁር ነው። ፊልሙ በዚህ ላይ አንዲት ቃል አይተነፍስም፤ ካሜራው ያልፈዋል። እኔ ግን ያን ትዕይንት ለአክስቴ ሁለት ጊዜ መልሼ አሳየኋቸው። ቀለሙ ከመንገድ ላይ ጠፍቶ የትእዛዝ ወረቀት ውስጥ ገብቷል።

እነዚህ ፊልሞች ከምናብ ብቻ አልተቀዱም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1883 የሰውን ዘር እንደ ከብት መርጦ ማሻሻል ለሚል ሐሳብ ዩጀኒክስ የሚል ስም አወጣ። በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በእርሻ ባዛሮች ላይ ከብቶቹ በሚዳኙበት ሜዳ ቤተሰቦችም ለዘራቸው ጥራት ይወዳደሩ ነበር። በ1927 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ብቁ አይደሉም» የተባሉ ሰዎች በግዳጅ እንዲመክኑ ፈቀደ፤ በተለያዩ ክፍለ ግዛቶች ከ60 ሺህ በላይ ሰው መክኗል። ናዚ ጀርመን በ1933 ተመሳሳይ ሕግ አውጥታ ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ሰው አመከነች፤ ከዚያ የቀጠለውን ሁላችንም እናውቃለን። ሽማግሎቻችን ይህን አላደረጉም። አንድ ነገር ግን ይጋራሉ፦ በአንድ ሰው ላይ ባዩት ድካም ቤተሰቡ ሁሉ ላይ መፍረድ።

ሳይንሱ ራሱ የሚለው ሌላ ነው። ሪቻርድ ሌዎንቲን እ.ኤ.አ. በ1972 እንዳሳየው ከሰው ልጅ የዘረመል ልዩነት 85 በመቶ ገደማው የሚገኘው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ግለሰቦች መካከል ነው፤ ዘር የምንላቸውን ታላላቅ ክፍሎች የሚለያየው ጥቂቱ ነው። በቋንቋችን ስናስቀምጠው፣ በአንዲት የሞጣ ቀበሌ ነዋሪዎች መካከል ያለው ልዩነት ጎጃሜን ከሌላው አገር ሰው ከሚለየው እጅግ ይበልጣል። ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ቆጠራ እንዳመለከተው በሽታንና ዘረመልን ለማዛመድ በተደረጉ ሰፋፊ ጥናቶች ከተሳተፉት ሰዎች 81 በመቶ ያህሉ የአውሮፓ ትውልድ ያላቸው ናቸው፤ የአፍሪካ ትውልድ ያላቸው 3 በመቶ ገደማ ብቻ። የ«ጋታካ» ማሽን ዛሬ ቢሠራና ሞጣ ሆስፒታል ቢቀመጥ የልጆቻችንን ደም የሚያነበው በሌላ ሰው መዝገብ ነው። ስሕተቱን ግን በአሥርዮሽ ነጥብ ይናገረዋል፤ 30.2 ብሎ። ቁጥር ደግሞ ከሽማግሌ ሹክሹክታ በላይ ይታመናል።

አሁን ወደ ሽማግሎቹ ጥያቄ ዝርዝር ልመለስ፤ እግር ያበጠ ሰው ወደሚለው። ስለዚህ በሽታ ረዘም አድርጌ የምጽፈው፣ ከየትኛውም ፊልም የበለጠ ነገሩን የሚያስረዳ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት በጎጃም ቀይ አፈር ላይ የተለመደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ሰዎች 3.3 በመቶው እንደያዘው አግኝቷል፤ ከመቶ ሰው ከሦስት በላይ ማለት ነው። በሌሎች አገሮች እግር የሚያሳብጠውን ትል ወባ ትንኝን የመሰሉ ነፍሳት ያስተላልፉታል። የእኛው ግን ትልም ትንኝም የለበትም። እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረጋቸው ጥናቶች ምክንያቱ አፈሩ መሆኑን አሳየ። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ ሸክላ አፈር በጣም ደቃቅ ማዕድን አለው፤ በባዶ እግር ለዓመታት በሚረግጠው ሰው ቆዳ አልፎ ይገባና የእግሩን የፈሳሽ ቧንቧዎች ያውካል። እግሩ ቀስ እያለ ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ይቆስላል፣ ይሸታል። ፕራይስ የሰጠው ስም ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት።

ሽማግሎቻችን ታዲያ ከየት አምጥተው ዘር ነው አሉ? ከዓይናቸው ነው። በሽታው በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል፤ እናት፣ ልጅ፣ አጎት። ምርምሩም ያዩትን አላስተባበለም። ወላይታ ውስጥ የተደረገ ጥናት የታማሚ ወንድም ወይም እኅት የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ መሆኑን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቻቸው በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን ባሳተሙት ሥራ፣ ሰውነት ባዕድ ነገርን የሚለይባቸው አንዳንድ ዘረመሎች ከበሽታው ጋር እንደሚዛመዱ አሳዩ። አንዳንዱ ሰው አፈሩ ይበረታበታል፤ አንዳንዱ ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ አርሶ ምንም አይሆንም።

እንግዲህ ሽማግሌው ልክ ነበር ልንል ነው? ጫማውን ከነገሩ ውስጥ እስካላወጣን ድረስ አንልም። ዘረመሉ ያለበት ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገ፣ እግሩን በሳሙናና በውኃ ከታጠበ፣ አፈሩ አይደርስበትም፤ በሽታው አይመጣም። የጀመረውም ሰው እግሩን አዘውትሮ ቢታጠብ፣ ቅባት ቢቀባ፣ በፋሻ ቢያስር፣ ካልሲና ጫማ ቢያደርግ እብጠቱ ይቀንሳል። አንድ ቤተሰብ ደግሞ ደም ብቻ አይጋራም፤ አንድ ማሳ፣ አንድ ቀይ አፈር፣ አንድ ጫማ ማጣትም ይጋራል። ሽማግሌው ደሙን አየና ከሥሩ ያለውን ባዶ እግር ዘለለው። ድህነት የሠራውን ሥራ ለአጥንት ሰጠው።

የ«ጋታካ» ማሽንም የሚሳሳተው ልክ እዚህ ላይ ነው። ቪንሰንት የልብ ሕመም የመያዝ ዕድል አለው፤ ፊልሙ ይህን አይክድም። ሲሮጥ ልቡ እንዴት እንደምትመታ እናያለን። ነገር ግን መዋኘት የተማረ፣ ሌት ተቀን ያነበበ፣ ወንድሙን በባሕር ላይ የበለጠው ሰውዬ ውጤቱ ላይ አልተመዘገበም። ማሽኑ ጫማውን አይቆጥርም።

ሰባት ቤት መቁጠርን ከዚህ ጋር ደርቤ መኮነን አልፈልግም፤ እሱ ሌላ ነው። የቅርብ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ የአባት የእናትን ወገን እስከ ሰባተኛ ትውልድ መቁጠር በሕክምናውም የሚደገፍ ጥበብ ነው፤ የተደበቀ የዘረመል ጉድለት ከሁለቱም ወላጆች ተገናኝቶ እንዳይወጣ ይከላከላል። ያው ሽማግሌ በአንድ መቀመጫ ከሚጠይቃቸው፣ አንደኛው ጥያቄው ልጆቹን ያድናል፤ ሁለተኛው አንዲት ልጃገረድን ያለ ጥፋቷ ሳታገባ ያስቀራል። ችግሩ እነዚህ ሁለቱ አንድ አፍ ውስጥ መኖራቸው ነው።

ቤተ ሙከራውም እየቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ቻይናዊው ሳይንቲስት ኸ ጂያንኩይ ዘረመላቸው በፅንስነታቸው የተለወጠ መንታ ልጆች መወለዳቸውን ሲያስታውቅ ዓለም ደነገጠ፤ ሰውየው በ2019 መጨረሻ 3 ዓመት ተፈረደበት። አሜሪካ ውስጥ ዛሬ ከማሕፀን ውጪ የተፀነሱ ፅንሶችን በበሽታ ዕድላቸው ደረጃ እያወጡ ለወላጅ የሚያቀርቡ ኩባንያዎች አሉ። ያች አገር በ2008 አሠሪና የጤና መድን ድርጅት የሰውን ዘረመል አይተው እንዳያገልሉ የሚከለክል ሕግ አውጥታለች፤ የሕይወት መድን ግን ከሕጉ ውጪ ቀርቷል። እኛ አገር ሕገ መንግሥቱ ትውልድን እንጂ ዘረመልን በስሙ አይጠራም። ሕግ አውጪዎቻችን ቀድመው ቢያስቡበት ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም የዘረመል ምርመራ ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ባሕር ዳር የሚገባበት ቀን ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠቀምበት የጠፈር ድርጅት አይሆንም። ሙሽራ አጣሪ ዘመድ ነው የሚሆነው። ሹክሹክታው በማኅተም ይመጣል።

ፊልሙ ሲያልቅ ቪንሰንት ወደ መንኮራኩሩ ሊገባ ሲል ያ ሽንት መርማሪ ሐኪም ያልጠበቀውን የመጨረሻ ምርመራ ያደርግለታል። የተዋሰው ሽንት አብሮት የለም፤ ተይዟል። ሐኪሙ ግን ማንነቱን ከቆየ ጀምሮ ያውቅ ኖሯል። ስለ ራሱ ልጅ ያወራለታል፤ ልጁ በቤተ ሙከራ ቃል የተገባላቸውን ያህል ሆኖ እንዳልወጣ ነግሮት ውጤቱን ቀይሮ ያሳልፈዋል። ይህን ስተረጉም አክስቴ «ልጁን አስቦ ነው» አሉ። ከዚያ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል።

ቆይተው ያልጠየቅኋቸውን ነገር ነገሩኝ። የአጎቴ ልጅ ከዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ወድዶ ሽማግሌ ሊልክ ሲል የልጅቷ እናት እግር ያበጠ መሆኑ ተሰማ። ይቅርብን ያሉት እሳቸው ነበሩ። ልጅቷ ኋላ ሌላ አግብታ እዚያው ከተማ ትኖራለች፤ ገበያ ላይ ይገናኛሉ፣ ሰላምታም ይሰጣጣሉ።

«እግሯን ታያለሽ ወይ?» አልኳቸው፤ «ያያሉ» ማለት ሲገባኝ አንደበቴ ቀደመኝ።

«አያለሁ እንጂ» አሉኝ። «ደኅና ነው። ባለፈው ለመድኃኔ ዓለም ከልጆቿ ጋር አየኋት፤ አራት ናቸው። ሁሉም ጫማ አድርገዋል።»